ሁለት ጊዜ የተሠራ አኳሪየም፦ በባሕር ዳር አንዲት ጠባብ ሰርቪስ ክፍል ውስጥ የመስታወት የዓሣ ገንዳ የማስገባት ጉዳይ

ዳራ

ጉዳዩ የተመዘገበው ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ፣ በአንድ ጊቢ ውስጥ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች በአንዱ ነው። ተከራዮቹ ባልና ሚስት ከአንድ የ5 ዓመት ልጅ ጋር ናቸው። ክፍሉ 3 ሜትር በ2 ሜትር ከ80 ሲሆን፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ ነው። በሩ 80 ሳ.ሜ. ስፋት አለው፤ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። አንዷ መስኮት ወደ ምዕራብ ታያለች። አልጋው፣ ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥኑና የምግብ ጠረጴዛው ከገቡ በኋላ ባዶ የቀረው በቁም ሳጥኑና በጎን ግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ብቻ ነበር።

ቤተሰቡ የፈለገው አኳሪየም ለዚያ ክፍተት ነው። ተሠርተው ከሚሸጡት ያዩት ባለ 80 ሳ.ሜ. ነበር፤ አይገባም። ኳስ የሚመስለው ክብ ብርጭቆ ደግሞ ይገባል፤ ግን የሚይዘው ውኃ ጥቂት ሊትር ነው፣ አፉም ጠባብ ስለሆነ ውኃው ከአየር ጋር የሚነካካበት ቦታ ትንሽ ነው። እሱን መተዋቸው ትክክል ነበር። የቀረው መስታወት አስቆርጦ ራስን ማጣበቅ ነው።

ችግሩ

ክፍተቱ አንድ ጊዜ፣ ወለል ላይ፣ በሜትር ተለካ፦ 71 ሳ.ሜ. ወጣ። ስለዚህ 70 በ35፣ ቁመቱ 40 ሳ.ሜ. የሆነ ገንዳ ታዘዘ፤ መስታወቱ ባለ 6 ሚሊ። ቆራጩ የተነገረውን ልክ ቆረጠ፣ ማጣበቁ ቤት ውስጥ ተሠራ፣ ገንዳው ድሮ ቴሌቪዥን የተቀመጠበት የቺፑድ ማስቀመጫ ላይ ወጣ። በአራተኛው ቀን ቺፑዱ አብጦ፣ ሊሾው ረጥቦ፣ ከአራቱ ወርቅማ ዓሦች ሁለቱ ሞተው ተገኙ።

የመጀመሪያው ሥራ ለምን ከሸፈ

መጀመሪያ የተሳሳተው ቦታው ነው። የጭቃ ግድግዳ እንደ ብሎኬት ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ልስኑ ይሸፋፍነዋል እንጂ ሆዱን አያጠፋውም። ወለል ላይ 71 የነበረው ክፍተት በ75 ሳ.ሜ. ከፍታ ላይ 69.6፣ በ1 ሜትር ከ10 ላይ 69.2 ሆኖ ተገኘ። ገንዳው የሚቀመጠው ደግሞ በዚያ ከፍታ ነው። ባለ 70ው ገንዳ በግማሽ ገብቶ ቆመ፣ የቀረው ወደ ፊት ወጣ፣ በሩም ሙሉ በሙሉ መከፈቱን አቆመ።

ሁለተኛው የአቆራረጥ ስህተት ነው። ለቆራጩ የተሰጠው የገንዳው የውጭ ልክ እንጂ የእያንዳንዱ መስታወት ልክ አልነበረም። ሁለቱ ጎኖች እንደ መሠረቱ ሙሉ 35 ሳ.ሜ. ሆነው ተቆረጡ፤ የፊትና የኋላ መስታወቶች ውፍረት አልተቀነሰላቸውም። ስለዚህ ጎኖቹ መሠረቱ ላይ ሲቆሙ ለፊትና ለኋላ ቦታ አልቀረም፣ እነሱም በውጭ በኩል ተለጠፉ። የገንዳው ጥልቀት 35 መሆኑ ቀርቶ 36.4 ሆነ። የማስቀመጫው ሳንቃ ግን 35 ነበር። የፊቱና የኋላው መስታወት የታችኛው ጠርዝ በሁለቱም በኩል 7 ሚ.ሜ. ያህል አየር ላይ ተንጠለጠለ፤ ክብደቱን የያዘው ሲሊኮኑ ብቻ ነበር። ሲሊኮን መስታወትን ከመስታወት ለማያያዝ ጥሩ ነው፤ ተንጠልጥሎ የሚወርድን ሸክም ቀን ከሌት እንዲሸከም ግን አይታሰብም።

ሦስተኛው ራሱ ሲሊኮኑ ነው። የተገዛው ለመታጠቢያ ቤትና ለኩሽና የሚሆን፣ ፀረ ሻጋታ መድኃኒት የተቀላቀለበት ነበር። ያ መድኃኒት ሻጋታን የሚገድል ነገር ስለሆነ ወደ ውኃው ሲወጣ ዓሣንም ይጎዳል። በዚያ ላይ ውኃ የተሞላው ከ18 ሰዓት በኋላ ነው። ላዩ ደርቆ እጅ ላይ አለመጣበቁ ውስጡ ደርቋል ማለት አይደለም። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር በሚወስደው እርጥበት ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ. ያህል ብቻ ይገባል። ወሩ የካቲት፣ አየሩ ደረቅ ስለነበር ደግሞ ይበልጥ ዘገየ።

በሁለተኛው ቀን በፊት ለፊት በግራ የታችኛው ጥግ ጠብታ ታየ። በላዩ ላይ አዲስ ሲሊኮን ተቀባ፤ ጠብታው ቀጠለ። ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። አዲስ ሲሊኮን በደረቀ አሮጌ ሲሊኮን ላይ በደንብ አይያዝም፤ ከላይ የተጣፈው ሁሉ እንደ ላስቲክ ተልጦ ይነሳል። የሚያፈስን መጋጠሚያ ለማዳን አሮጌውን እስከ መስታወቱ ድረስ ማንሳት እንጂ ሌላ መንገድ የለም። በዚህ ጉዳይ ብዙ ቀን የባከነው እዚህ ላይ ነው።

ዓሦቹን በተመለከተ ሦስት ነገር በአንድነት ነበር፦ ያልተቀመጠ የቧንቧ ውኃ ከነክሎሪኑ፣ መድኃኒት ያለበት ሲሊኮን፣ እና የዓሣ ቆሻሻን የሚያጣራው ባክቴሪያ ገና ያልተራባበት አዲስ ገንዳ ውስጥ በአንድ ቀን የገቡ አራት ወርቅማ ዓሦች። ከሦስቱ እያንዳንዱ ለብቻው ዓሣ ሊገድል ይችላል። የተረፉት ሁለቱ ለሻጩ ተመለሱ።

መፍታት

መስታወቱ ተራ ነበር፤ በእሳት የጠነከረ ቢሆን ኖሮ ዳግም ሊቆረጥ አይችልም ነበር፣ በመቁረጫው አልማዝ ለመቁረጥ ሲሞከር ይፈረካከሳል። ስለዚህ ገንዳውን ጥሎ አዲስ ከመግዛት ፈትቶ ወደ ትንሽ ልክ መቁረጥ ተመረጠ።

ውኃው በጎማ ተስቦ ወጣ። መጀመሪያ የውስጠኛው የጥግ ሲሊኮን በምላጭ ከሁለት በኩል ተቆርጦ እንደ ክር ተጎትቶ ወጣ። በመስታወትና በመስታወት መካከል ያለው ቀጭን ሽፋን ግን በምላጭ አይደረስም። እዚያ የሠራው ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት ቀጭን ናይለን ክር ነው፦ ክሩን ከላይኛው ጠርዝ አስገብቶ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ እየያዘ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ መሳብ። አንድ መጋጠሚያ ሩብ ሰዓት ያህል ወሰደ። መጀመሪያ የፊቱ፣ ቀጥሎ ጎኖቹ፣ በመጨረሻ የኋላው ተለየ። መስታወቱን በጉልበት ማላቀቅ አያስፈልግም፤ ክሩ ጨርሶ ካላለፈ ጥጉ ይሰበራል። ወፍራም የቆዳ ጓንት ሳያደርጉ ይህን ሥራ መጀመር አይገባም።

የቀረው ቅሪት በምላጭ፣ ምላጩን ወደ መስታወቱ አስተኝቶ ተፋቀ፣ ከዚያ በአሴቶን ተጠረገ። ቅሪት በዓይን አይታይም፣ ስለዚህ የሚፈተነው በውኃ ነው፦ ጠርዙ ላይ ውኃ ሲቀባ ተዘርግቶ እንደ ቀጭን መጋረጃ ከተቀመጠ ንጹሕ ነው፤ ጠብ ጠብ ብሎ እንደ ጤዛ ከተሰበሰበ ሲሊኮኑ ገና አለ፣ እንደገና መፋቅ ያስፈልጋል።

ካርቶኑ

ከሁሉም በላይ የሠራው ይህ ነው፣ ወጪውም የለውም። ዳግም አንድም መስታወት ሳይቆረጥ በፊት ገንዳው በካርቶን ተሠርቶ፣ በታሰበው ከፍታ ላይ በታሰበው ቦታ ተቀምጦ፣ ቤተሰቡ አንድ ሳምንት ሙሉ አብሮት ኖረ።

የመጀመሪያው ካርቶን 65 በ32፣ ቁመቱ 38 ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት የቁም ሳጥኑ በር አልከፈት አለ፤ ለማጠፊያው ወደ ጎን 4 ሳ.ሜ. ያህል ይፈልጋል፣ ይህን ማንም በሜትር አልለካውም ነበር። አየር የሚያስተላልፈው ጎማና የመብራቱ ገመድ ከኋላ ሌላ 4 ሳ.ሜ. ወሰዱ። ከላይ በ1 ሜትር ከ30 ላይ የተሰቀለች መደርደሪያ ነበረች፤ በካርቶኑ አናትና በእሷ መካከል 20 ሳ.ሜ. ብቻ ስለቀረ፣ የተዘረጋ እጅ ከነመረቡ ገብቶ የገንዳውን ወለል መንካት አልቻለም። መደርደሪያዋ ከፍ ተደረገች። አንሶላ ሲቀየር የክርን ምት የካርቶኑን ጥግ ሁለት ጊዜ ጨፈለቀው፤ ልጁም በሩጫ አንድ ጊዜ መታው። ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ድረስ በምዕራቧ መስኮት የሚገባው ፀሐይ ግራውን ግማሽ እንደሚመታም ታወቀ፤ ያ ውኃውን የሚያሞቅና አልጌ የሚያበዛ ስለሆነ ወፍራም መጋረጃ ተሰቀለ።

ሁለተኛው ካርቶን 60 በ32፣ ቁመቱ 36 ሆነ፤ እሱ ሳምንቱን ሳይነካ ዘለቀ። በክፍተቱ ጠባብ ቦታ ላይ 69.2 ሲቀነስ 60፣ 9.2 ሳ.ሜ. ይተርፋል፦ 5ቱ ወደ ቁም ሳጥኑ፣ የቀረው ወደ ግድግዳው። ከኋላ 4፣ ከፊት እስከ በሩ መዞሪያ 6 ሳ.ሜ. ቀረ።

ቁመቱ ከ40 ወደ 36 የወረደው ለቦታ ብቻ አይደለም። ውኃ መስታወትን የሚገፋው በጥልቀቱ ልክ ነው፣ በመስታወቱ ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ግፊት ግን ከጥልቀቱ ይበልጥ ፈጥኖ ያድጋል። በቀድሞው ገንዳ ውኃው 36 ሳ.ሜ. ሲሞላ የፊቱ መስታወት የሚሸከመው ግፊት 45 ኪሎ ገደማ ነበር፤ በአዲሱ ውኃው 31 ሳ.ሜ. ሲሆን ወደ 28 ኪሎ ወረደ። ባለ 6 ሚሊ መስታወት በ36 ሳ.ሜ. ቁመት ምቹ መጠባበቂያ አለው። በ40 ላይ መጠባበቂያው በጣም ይቀንሳል፤ እዚያ ባለ 8 ሚሊ መውሰድ ይሻላል።

አቆራረጡ

በዚህ ጊዜ ለቆራጩ የተሰጠው የገንዳው ልክ ሳይሆን የእያንዳንዱ መስታወት ልክ በወረቀት ተጽፎ ነው። አሠራሩ አራቱም ግድግዳዎች መሠረቱ ላይ የሚቆሙበት ሲሆን፣ በየመጋጠሚያው 1 ሚ.ሜ. ለሲሊኮን ተትቷል።

መሠረት፦ 600 በ320 ሚ.ሜ.፣ አንድ።
ፊትና ኋላ፦ 600 በ354 ሚ.ሜ.፣ ሁለት። 354 የመጣው ከ360 የመሠረቱ 6 ሚ.ሜ. ተቀንሶ ነው።
ጎኖች፦ 306 በ354 ሚ.ሜ.፣ ሁለት። ከ320 የፊትና የኋላ ውፍረት 12፣ ለሲሊኮን 2 ይቀነሳል።
የላይ ማጠንከሪያ፦ 584 በ46 ሚ.ሜ.፣ ሁለት።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለብቻ አልተገዙም። የፊትና የኋላ መስታወቶች ከ40 ወደ 35.4 ሲወርዱ ከእያንዳንዱ 4.6 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ዘንግ ተረፈ፤ ርዝመቱ ብቻ ተስተካክሎ ማጠንከሪያ ሆነ። በ60 ሳ.ሜ. ገንዳ ላይ ማጠንከሪያ የግድ አይደለም፤ ግን ክዳኑን ያሳርፋል፣ ልጅ ጠርዙን ይዞ ቢንጠለጠልም ይረዳል። መቆረጥ ያለበት ወገን ሲመረጥም ሲሊኮን የነካው የታችኛው ጠርዝና አንዱ ጎን እንዲሄድ ተደረገ፤ በዚህም የሚፋቀው ጠርዝ በጣም ቀነሰ። አልማዝ ሲሊኮን በቀረበት መስታወት ላይ ይዘላል፣ መስመሩ ከተዘለለ ደግሞ ስብራቱ ወደፈለገው ይሄዳል።

ከቆራጩ ቤት ሳይወጡ ሦስት ነገር ተፈተሸ። ጥንዶቹ መስታወቶች ተደራርበው ጠርዛቸው በጥፍር ተዳሰሰ፤ ጥፍር የሚይዝ ልዩነት ካለ መጋጠሚያው እኩል አይሆንም። የእያንዳንዱ ሁለት ሰያፍ ተለካ፤ እኩል ካልሆነ መስታወቱ ስኳድራ (ጥጉ ቀጥ ያለ ማዕዘን) አይደለም። ጥግ ላይ የተፈነከተ ካለም ተለይቶ ተመለሰ፤ አንድ የጎን መስታወት ተፈንክቶ ስለተገኘ ከቆራጩ ቁርጥራጭ ተተካ። ከዚያ ጠርዞቹ ውኃ በሚችል የብርጭቆ ወረቀት እየረጠቡ በቀላሉ ተሞረዱ፤ እጅ እንዳይቆርጡ ያህል ብቻ እንጂ እንዲከብቡ አይደለም።

ወደ ቤት የመጡት በባጃጅ ነው፤ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ በጠርዛቸው ቆመው፣ በመካከላቸው ጋዜጣ ገብቶ። መስታወት ተኝቶ ኮብልስቶን ላይ ሲሄድ በራሱ ክብደት ይሰነጠቃል።

ማጣበቅ

ሲሊኮኑ መቶ በመቶ ሲሊኮን፣ ሲደርቅ የአቼቶ ሽታ ያለው፣ ፀረ ሻጋታ የማይል ነው። ከመግዛት በፊት የቱቦው ማብቂያ ቀን ታየ። ከዚያም በመስታወት ቁርጥራጭ ላይ ጥቂት ተቀብቶ አደረ፤ በነጋታው ሲጎተት ካልተላጠ ሕይወት አለው። ለዚህ ልክ አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ቱቦ በቂ ነው፣ እንዲያውም ይተርፋል።

ሥራው ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ጊቢው ውኃ ተርከፍክፎበት አቧራው ከተኛ በኋላ በውስጥ ተጀመረ። ጠርዞቹ በአሴቶን ተጠርገው ከዚያ በኋላ በጣት አልተነኩም። ከመጋጠሚያው ሁለት ወገን 6 ሚ.ሜ. ተትቶ የቀለም ቀቢ ስኮች ተለጠፈ። ሲሊኮን ላዩን ቆዳ የሚያወጣው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ስለሆነ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ይቀባል፣ ሌላው መስታወቱን ያቆማል። ብቻውን የሚሠራ ሰው ሦስተኛው መስታወት ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ደርቆበታል።

ቅደም ተከተሉ፦ መሠረቱ በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ በጋዜጣ ተዘረጋ፤ ኋላው ቆመ፤ አንዱ ጎን፤ ሌላው ጎን፤ በመጨረሻ ፊቱ። የሚቀባው መስመር ከ3 እስከ 4 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው፣ ጥግ ላይ ሳይቋረጥ የሚዞር ነው። መስታወቱ ሲጫን 1 ሚ.ሜ. ያህል ሲሊኮን በመካከል መቅረት አለበት፤ መስታወት ከመስታወት እስኪነካ ድረስ የሚጫን ሰው ማያያዣውን ጨምቆ ያወጣዋል። ስኳድራው ታየ፣ በስኮች ዙሪያው ታሰረ። ወዲያው፣ ሳይደርቅ፣ የውስጥ ጥጎቹ ሁሉ ተቀብተው በፕላስቲክ ካርድ ጥግ አንድ ጊዜ ተጎተቱ፣ የተለጠፈውም ስኮች ቆዳ ሳያወጣ ተነሳ። የውስጡን ለነገ ማሳደር ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ ስለማይይዝ በአንድ ቁጭታ መጨረስ የተሻለ ነው። በሳሙና ውኃ ጣት ነክሮ ማለስለስም አያስፈልግም፤ ሳሙናው ገና ያልተቀባ ጠርዝ ላይ ከደረሰ እዚያ ቦታ አይይዝም።

በኋላ ግራ መጋጠሚያ ላይ እንደ ብር ክር የምታብለጨልጭ 2 ሳ.ሜ. የምትሆን የአየር መስመር ታየች። ወደ ላይና ወደ ታች የምትሄድ እንጂ ከውስጥ ወደ ውጭ የምታቋርጥ ስላልነበረች ተተወች። ብታቋርጥ ኖሮ ያ መስታወት ያን ሰዓት ተነሥቶ መጠረግ ነበረበት።

ከዚያ 7 ቀን ሙሉ አልተነካም። አየሩ ደረቅ ስለነበር አፉ የተከፈተ የውኃ ባልዲ አጠገቡ ተቀመጠ። በስምንተኛው ቀን በጊቢው ውስጥ በተስተካከለ ሳንቃ ላይ ሲሶው ተሞላ፣ 24 ሰዓት ቆየ፤ ከዚያ ሁለት ሲሶው፤ ከዚያ ሙሉው። በየመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ዓይን የማያየውን እርጥበት ሶፍት ያሳያል፣ የሳንቲም ያህል ቢረጥብ እንኳ ይለያል። ሦስቱም ቀን ደረቅ ወጣ።

መቆሚያው

የጭቃ ግድግዳ መደርደሪያ ላይ እንዲህ ያለ ሸክም አይሰቀልበትም። ገንዳው፣ ውኃው፣ 8 ኪሎ ጠጠሩና መቆሚያው ተደምሮ 85 ኪሎ ገደማ ነው። ባለ 30 በ30 ቱቦላሬ ብረት ተበይዶ 72 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው መቆሚያ ተሠራ፤ ላዩ 18 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ ሲሆን ጠርዙ በቀለም ተደፈነ። ቺፑድ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ አንድ ጠብታ በቂው ነው።

የቤቱ ባለቤት የሆኑት እናት፣ «ልጆቼ፣ ሊሾው ይሰነጠቅብኛል» ብለው ነበር። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። አራት 3 በ3 ሳ.ሜ. እግሮች 85 ኪሎ ሲሸከሙ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር ከ2 ኪሎ በላይ ይወድቃል። በየእግሩ ሥር 10 በ10 ሳ.ሜ. የብረት ሰሌዳ ሲገባ ግን ጭነቱ ወደ 200 ግራም ወረደ። «እማማ፣ ሰው ቆሞበት ከሚጫነው ያነሰ ነው» ተብለው፣ ሰሌዳዎቹን በእጃቸው ዳስሰው ፈቀዱ።

ወለሉ ደግሞ ዘንበል ያለ ነበር፤ ሊሾ ሲታጠብ ውኃው ወደ በሩ እንዲሄድ ሆን ተብሎ ይጋደላል። በ60 ሳ.ሜ. ውስጥ 7 ሚ.ሜ. ወረደ። በዚህ ላይ የሚቆም ገንዳ በአንዱ ጎን ውኃው ከፍ ይላል፣ ግፊቱም እኩል አይሆንም። በእግሮቹ ሥር ብሎን ከነዳዱ ተበይዶ ገባ፤ ሊቬላ እየታየ አራቱም ተስተካከሉ። በኮምፔንሳቶውና በመሠረቱ መስታወት መካከል ከፍሪጅ ማሸጊያ የወጣ 1 ሳ.ሜ. ነጭ ፎም ተነጠፈ። አንዲት የአሸዋ ፍሬ እንኳ በመሠረቱ ሥር ብትቀር የውኃው ክብደት በእሷ ላይ አርፎ መስታወቱን ይሰነጥቃል፤ ፎሙ ያን ይውጣል።

ውኃ፣ መብራትና ዓሣ

የቧንቧው ውኃ አፉ በተከፈተ ባልዲ አየር እየተነፋበት 48 ሰዓት ቆይቶ ክሎሪኑ ሲወጣ ገባ። ውኃ በሚቋረጥበት ቀን እንዳይቸገሩ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሁልጊዜ ሞልተው ይጠብቃሉ። ከጣና ዳር በጄሪካን ቀድቶ መሙላት አይገባም፤ ከውኃው ጋር ደለል፣ ቀንድ አውጣና የዓሣ ጥገኛ ተውሳክ ይገባል፣ የቢልሃርዚያ አደጋም አለ፣ የእንቦጭ ቁራጭም ቤት ድረስ ይመጣል።

ማጣሪያው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ነው። ፓምፑ ከውኃው ከፍታ በላይ ተሰቅሏል፤ ከታች ቢሆን መብራት ሲጠፋ ውኃው በጎማው ተመልሶ ወደ ፓምፑና ወደ ሶኬቱ ይወርድ ነበር። የዲቫይደሩ ገመድም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ዞሮ ነው የሚገባው፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ሳይደርስ በዝቅተኛው ቦታ ይንጠባጠባል።

ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ በሚያዝያ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ለቆላ ባሕር ዳርቻ አገሮች የተጻፈ «በዚህ ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚል ልክ እዚህ ሲመጣ መቀነስ አለበት፣ በተለይ መብራት ለሰዓታት በሚጠፋበት ቤት። በ55 ሊትሩ ውስጥ 7 ወንድ ጋፒዎች (ትናንሽ የገንዳ ዓሦች) ብቻ ገቡ፤ መጀመሪያ 3፣ ከአንድ ወር በኋላ 4። ወርቅማ ዓሣ ለዚህ ልክ ይተልቃል፣ ቆሻሻውም ብዙ ነው። ልጁ የጠየቀው የጣና ቀረሶ ደግሞ ሲያድግ ከገንዳው ስፋት ጋር ይተካከላል፤ አምባዛማ ከዚያም ያልፋል።

ወንዶች ብቻ የተመረጡት ጋፒ በየወሩ ስለሚወልድ ነው። ገንዳ የሞላበት ሰው የሚያስበው ሐይቁን ነው፣ ይህ ግን ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር ነው። ጣና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የላቢዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየው እንቦጭ ጋር ስንት ዓመት እንደታገለ ዳር ላይ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። የተረፈ ዓሣ ለሻጭ ወይም ገንዳ ላለው ሰው ይሰጣል። የገንዳ ውኃም ወደ ሐይቁ በሚሄድ ቦይ አይደፋም፤ አትክልት ይጠጣዋል።

ያልተፈታው

ገንዳው ከገባ ስድስት ወር አልፎ አንድም ጠብታ አልወጣም፣ በሩም ቁም ሳጥኑም በነፃ ይከፈታሉ። ሙሉ በሙሉ ያልተፈታው ድምፅ ነው። ሰው በሚተኛበት ክፍል ፓምፕ ሌሊቱን ሙሉ ያጉረመርማል። በስፖንጅ ላይ ተሰቅሎ ከግድግዳው ሲርቅ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ሌሊት ማጥፋት ደግሞ ኦክስጅኑንና ማጣሪያውን ይገድላል። ለመኝታ ክፍል የሚያስብ ሰው ፓምፑን ከመግዛቱ በፊት ሱቁ ውስጥ አስከፍቶ በጆሮው ሊሰማው ይገባል። በመጋቢት ውኃው በሳምንት ከ1 ሊትር በላይ ይተን ነበር፤ ክዳን እስኪሠራለት ድረስ የቁም ሳጥኑ ጎን እርጥበት ስቦ ቀለሙ ተነሳ።

ሌላ ቤት ለሚሠራ

ልኩ ሲቀየር ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው አሠራሩ እንጂ ቁጥሩ አይደለም። ክፍተት በሦስት ከፍታ ይለካ፣ ትንሹ ይያዝ፤ ከእሱ ላይ ለእጅ፣ ለጎማ፣ ለበር ማጠፊያ የሚሆነው ይቀነስ፤ የቀረው ነው የገንዳው ልክ። ርዝመት መጨመር ከቁመት መጨመር ይቀላል፤ ቁመት ሲጨምር የመስታወቱ ውፍረት እንደገና ይታሰብ። ባለ 8 ሚሊ ከሆነ ከጎኖቹ የሚቀነሰው 12 ሳይሆን 16 ሚ.ሜ. ነው፣ የሲሊኮኑ 2 ሳይረሳ።

ተከራይ ቤት ሲቀይር ገንዳው ከነውኃው አይነሳም፤ ሩብ ውኃ እንኳ ቢቀርበት ሲዘነብል ክብደቱ ወደ አንዱ መጋጠሚያ ይወርዳል። ስፖንጁ ግን መድረቅ የለበትም፤ በራሱ ውኃ ውስጥ በጄሪካን ይሄዳል፣ ባክቴሪያው ያለው እዚያ ነው። ይህ ቤተሰብ ሁለተኛውን ካርቶን አጥፎ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አስቀምጦታል፤ ቀጣዩን ክፍል ከመከራየታቸው በፊት ይዘውት የሚሄዱት እሱን ነው።